አንድ ቀበቶ፣ መንጠቆው የተሰበረ

[የፍርድ ቤት ኮሪደር። ረጅም የእንጨት አግዳሚ ወንበር፤ ፊት ለፊቱ «ችሎት ሦስት» የተጻፈበት የተዘጋ በር። ሁለት ምስክሮች እስኪጠሩ ይጠብቃሉ። አንደኛው የሟች ሚስት ታላቅ ወንድም ነው። በደረሰበት ሁሉ ሕግ ስለሚጠቅስ ዘመዶቹ «አንቀጽ» ይሉታል። አዲስ ጥቁር ኮት ለብሶ ያልበዋል። ሁለተኛው የሟች ታናሽ ወንድም፣ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነው። ያለ ወረቀት መርፌ ስለማይሰጥ «ደረሰኝ» ይሉታል። ጉልበቱ ላይ ጠርዙ ያለቀ ማኅደር አስቀምጧል።]

አንቀጽ፦ እኔ የምልህ፣ ጫማህን ማን ጥረገው አለህ?

ደረሰኝ፦ ማንም አላለኝም ጋሼ። ቆሽሾ ነበር።

አንቀጽ፦ ቆሽሾ ነበር ይለኛል። መቆሸሹን እኮ ነው የምፈልገው። ወንድሙ የሞተበት ሰው ጫማ ያብለጨልጫል?

ደረሰኝ፦ ከሞተ ስምንት ወሩ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ሳልጠርገው ልኑር?

አንቀጽ፦ ዳኛ ከወንበሩ ቁልቁል ሲያይ መጀመሪያ የሚያየው ጫማ ነው። የሚያብለጨልጭ ካየ «እነዚህስ ደህና ናቸው» ይልና ካሣውን በግማሽ ይቆርጠዋል። አንቀጽ ሰባ አራት።

ደረሰኝ፦ ስለ ጫማ አንቀጽ አለ?

አንቀጽ፦ ስለ ሁኔታ ነው። ጫማ ሁኔታ ነው። ውጣና እዚያ ግቢው ጥግ፣ አሸዋ የተከመረበት ጋ ረገጥ ረገጥ አድርገህ ተመለስ።

ደረሰኝ፦ የእርስዎስ ኮት? አዲስ ነው።

አንቀጽ፦ እኔ የቤተሰቡ ራስ ነኝ። የቤተሰብ ራስ ሲከበር ሟች ይከበራል፣ ሟች ሲከበር ካሣው ከፍ ይላል። አንተ ደግሞ የሚታዘንልህ ነህ። ሥራ ተከፋፍለናል።

ደረሰኝ፦ እሺ። [ጫማውን ያያል እንጂ አይነሳም።] መቼ ነው የገዙት?

አንቀጽ፦ ወንድምህ በሞተ በአምስተኛው ቀን። ለቅሶ ቤት ሰው ይመጣል፣ ቤተሰቡ ተዋርዶ እንዳይታይ ብዬ።

ደረሰኝ፦ በአምስተኛው ቀን። [ማኅደሩን ከፍቶ በእርሳስ ይጽፋል።]

አንቀጽ፦ ምንድን ነው የምትጽፈው?

ደረሰኝ፦ ምንም። ልማድ ሆኖብኝ ነው። በጣም አልቦዎታል ግን፤ ያውልቁት እንጂ።

አንቀጽ፦ አላወልቅም።

ደረሰኝ፦ አንገትዎ ላይ እየወረደ...

አንቀጽ፦ አላወልቅም አልኩህ። ኮት የሚወለቀው ቤት ነው። [በመሐረብ ግንባሩን ይጠርጋል።] ይልቅ ሳንጠራ አንድ ጊዜ ልፈትንህ። እኔ ዳኛ ነኝ። «ሟች ሥራው ምን ነበር?»

ደረሰኝ፦ ቀለም ቀቢ።

አንቀጽ፦ [ፊቱን በሁለት እጁ ይሸፍናል።] ቀለም ቀቢ። ሦስት ቀን ቁጭ ብዬ ያስተማርኩት ይኸው።

ደረሰኝ፦ ቀለም ቀቢ ነበራ ጋሼ። የረጅም ሕንፃ ግድግዳ ነበር የሚቀባው። ከአምስተኛ ፎቅ የወደቀውም እየቀባ ነው።

አንቀጽ፦ የሕንፃ ውበት መሐንዲስ። በል።

ደረሰኝ፦ የሕንፃ ውበት መሐንዲስ።

አንቀጽ፦ ጎበዝ። «ደመወዙስ ስንት ነበር?»

ደረሰኝ፦ የማን? የቀቢው ነው የመሐንዲሱ?

አንቀጽ፦ የሟቹ።

ደረሰኝ፦ እሱማ የቀቢ ነበር። አሠሪው ኩባንያ የደመወዝ መዝገብ ይዞ ቢመጣስ?

አንቀጽ፦ መዝገባቸው የውሸት ነው እንላለን።

ደረሰኝ፦ የኛስ?

አንቀጽ፦ የኛ ሐዘን ነው። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ቁጥር ቢሳሳት ሕጉ ይረዳዋል። ቀጥሎ፤ «ሟች ስንት ሰው ያስተዳድር ነበር?»

ደረሰኝ፦ ሚስቱን፣ ሁለት ልጆቹን፣ እናታችንን። አራት።

አንቀጽ፦ ሠላሳ።

ደረሰኝ፦ ሠላሳ ከየት መጣ?

አንቀጽ፦ ዘመድ ይጠፋል እንዴ? እኔን ቁጠረኝ። ሚስቴን ቁጠር። ሰባት ልጆቼን፣ የሚስቴን እህት፣ የእህቷን ባል...

ደረሰኝ፦ እርስዎን ወንድሜ ነበር የሚያስተዳድርዎት?

አንቀጽ፦ ለፍርድ ቤት።

ደረሰኝ፦ አይ፣ እሱ በሕይወት እያለ በተገናኘን ቁጥር «ይሄ ልጅ ያለ እኔ ጦሙን ያድር ነበር» ሲሉ ስለምሰማ ነው።

አንቀጽ፦ እሱ ለዘመድ የሚባል ነው።

ደረሰኝ፦ ገባኝ። ለዘመድ ሲሆን እርስዎ ያበሉታል፤ ለዳኛ ሲሆን እሱ ያበላዎታል።

አንቀጽ፦ እንደዚያ እያደረግህ አታስቀምጠው። ሲነገር ያስቀይማል።

ደረሰኝ፦ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ሠላሳ ነን ካልን፣ ካሣው ለሠላሳ ነው የሚከፋፈለው?

አንቀጽ፦ ሰው ሲበዛ ካሣው ይበዛል።

ደረሰኝ፦ ደመወዙ ግን አንድ ነበር። በአንድ ቀቢ ደመወዝ ሠላሳ ሰው ሲኖር ለአንዱ የሚደርሰው የሻይ ስኳር አይገዛም። ዳኛው «በሉ እንግዲህ፣ የቀረባችሁ የሻይ ስኳር ነው» ብሎ በየወሩ ስኳር ቢፈርድልንስ?

[በሩ ተከፍቶ አንዲት ሴት ወረቀት ታቅፋ ትወጣና በሩ ይዘጋል።]

አንቀጽ፦ አንተ መጋዘን ውስጥ ብዙ ቆይተህ አእምሮህ ሻግቷል። ዳኛ እንደ አንተ አያስብም። እኔ ጠበቃ ቢሮ ሦስት ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ።

ደረሰኝ፦ በር ላይ ነበሩ አይደል?

አንቀጽ፦ በር ላይ ነበርኩ። ውስጥ የተቀመጠ የራሱን ባለጉዳይ ብቻ ነው የሚሰማው፤ በር ላይ የቆመ የሁሉንም ይሰማል። የካሣ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ልንገርህ፤ ከዚያ በኋላ ስኳር አትበለኝ። ሰንጠረዥ አለ። ለአውራ ጣት ይህን ያህል፣ ለዓይን ይህን ያህል፣ ለእግር ይህን ያህል ተብሎ ተቆርጦ ያለቀ ነው። ሰው ሙሉ በሙሉ ሲሞት ሁሉንም ትደምራለህ።

ደረሰኝ፦ ጥርስም ይደመራል?

አንቀጽ፦ ጥርስም።

ደረሰኝ፦ ወንድሜ ሁለት ጥርስ አልነበረውም። በስተግራ፣ ከላይ።

አንቀጽ፦ እሱን እዚያ ውስጥ እንዳትናገር።

ደረሰኝ፦ እኛ ጋ ጎድሎ የገባን ዕቃ ሙሉ ብሎ የመዘገበ ሰው ከደመወዙ ይቆረጥበታል።

አንቀጽ፦ ሰው ነው ወይስ ዕቃ ነው የምታወራው?

ደረሰኝ፦ እኔም እሱን ልጠይቅዎት ነበር።

አንቀጽ፦ [ወደ ጣሪያው እያየ] እህቴ ሆይ፣ ምን ዓይነት ቤት ውስጥ ነው የዳርንሽ። አንዱ ከፎቅ ወደቀ፣ አንዱ ደግሞ ሲወለድ ወድቋል።

ደረሰኝ፦ ጉዳዩን የያዘችልን ጠበቃ ግን የነገረችኝ ሌላ ነው። እኔ ሲነገረኝ ቶሎ ስለማይገባኝ አራት ጊዜ ነው ያስረዳችኝ። ፍርድ ቤት ለሰው ዋጋ አይቆርጥም አለች። የሚጠይቀው ይህ ሰው በሕይወት ቢኖር ኖሮ ለማን ምን ያደርግ ነበር፣ ስንት ዓመትስ ያደርግ ነበር ብሎ ነው። ለሚስት፣ ለልጅ፣ ለወላጅ። ከዚያ የሆስፒታሉና የቀብሩ ወጪ አለ። ለሐዘኑም ትንሽ ነገር አለች። እሷ ሐዘኑን አትተካም፤ ሐዘን እንደነበረ መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ነው አለች።

አንቀጽ፦ ትንሽ ነገር። ሴትዮዋ ለኩባንያው ነው ለኛ የምትሠራው?

ደረሰኝ፦ ለእናታችን በየወሩ የሚገዛው መድኃኒት፣ ለትልቋ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት ኪራይ። የሁሉም ወረቀት አለኝ። ወንድሜ ኪሱ ውስጥ ጨምድዶ ሲጥለው እኔ እየተቀበልኩ አስቀምጥ ነበር። «ምን ያደርግልሃል» ይለኝ ነበር።

አንቀጽ፦ የሳል ሽሮፕ ወረቀት ይዞ ፍርድ ቤት። እኔ አራት ገጽ ንግግር አዘጋጅቼ መጥቻለሁ፣ እሱ የሳል ሽሮፕ።

ደረሰኝ፦ የደም ግፊት ነው።

አንቀጽ፦ ተወው። የምታለቅሰው የት ላይ ነው?

ደረሰኝ፦ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ።

አንቀጽ፦ እንዴት አድርገህ?

ደረሰኝ፦ [ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በሩን ትክ ብሎ ያያል። ምንም አይሆንም።]

አንቀጽ፦ ይኼ ልቅሶ ነው? ሰው ታክሲ ሲጠብቅ እንኳን ከዚህ የባሰ ፊት አለው።

ደረሰኝ፦ አይመጣልኝም ጋሼ። እዚህ አይመጣልኝም። ደግሞ ሦስተኛው ጥያቄ የደም ግፊቱ ከሆነስ?

አንቀጽ፦ አንተን ይዞ ካሣ መጠየቅ ማለት ባዶ ጆንያ ይዞ ገበያ መሄድ ነው። ለምን እንደመጣን ገብቶሃል ወይ?

ደረሰኝ፦ ገብቶኛል። ኩባንያው ሰውዬው ቀበቶ አላሠረም ብሏል። ሰነፍ ነበር፣ የደኅንነት ቀበቶውን ፈቶ ነው የወጣው ብሏል። ዳኛው ይህን ካመነ ጥፋቱ የወንድሜ ነው፤ ቤተሰቡ ባዶ እጁን ይሄዳል። እህትዎ የሦስት ወር ኪራይ አለባት። ልጅቷን ከትምህርት ቤት ከመለሷት ሁለት ሳምንት ሆናት። ቤት ቁጭ ብላ የአባቷን የቀለም ብሩሾች ታጥባለች፤ ታጥበው ያለቁትን መልሳ ታጥባለች።

[አንቀጽ ያስላል። ከኮቱ ኪስ የታጠፉ ወረቀቶች ያወጣል።]

አንቀጽ፦ እንግዲህ ለዚህ ነው እኔ ያለሁት። ስማ። «የተከበረው ፍርድ ቤት ሆይ፤ እኔ የዚህ ቤተሰብ ራስና አለኝታ፣ የሟችም አባት ያህል የሆንኩ...»

ደረሰኝ፦ በሦስት ዓመት ነው የሚበልጡት።

አንቀጽ፦ «...አባት ያህል የሆንኩ፣ ሟች በሕይወት ሳለ ያለ እኔ ምክር አንድ እርምጃ የማይራመድ...» እዚህ ላይ ትንፋሽ እወስዳለሁ። ዳኛውም ብዕሩን ያስቀምጣል።

ደረሰኝ፦ ጋሼ፣ ቀበቶው አሁን የት ነው?

አንቀጽ፦ የቱ ቀበቶ?

ደረሰኝ፦ የወንድሜ። ሆስፒታሉ ከልብሱ ጋር በፌስታል አድርጎ የሰጠን።

አንቀጽ፦ ለባለቤቱ መለስኩት። በአራተኛው ቀን የኩባንያው የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊ ለቅሶ ቤት መጥቶ የለም? ሽክ ያለ ሰው፣ ከረባት ያሠረ። ከሁሉ መሃል እኔን መርጦ፣ «ትልቅ ሰው እርስዎ ነዎት መሰለኝ» ብሎ ጨበጠኝ። ቀበቶው የኩባንያው ንብረት ስለሆነ ቢመለስ አለ። እኔም ደም የነካው ዕቃ ቤት ውስጥ ምን ይሠራል ብዬ ከነፌስታሉ ሰጠሁት። ሰው በሰውነቱ ሲከበር እንዴት እንደሚናገር ብታየው።

ደረሰኝ፦ አይቻለሁ። በር ላይ ነበርኩ።

አንቀጽ፦ አዎ፣ በር ላይ ነበርክ። አስታወስከኝ ደግሞ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ የወደድኩበት ቀን። ቤት ሙሉ ሰው ሐዘን ላይ ተቀምጧል፣ እንግዳው ሊወጣ ይነሳል፤ ይሄ ጉደኛ የደረሰኝ ጥራዝ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። «ዕቃ ከዚህ ቤት ያለ ወረቀት አይወጣም።» መጋዘን መሰለህ? ሴቶቹ ልቅሷቸውን አቁመው ያዩህ ነበር።

ደረሰኝ፦ ፈረመልኝ ግን።

አንቀጽ፦ በእኔ ነዋ የፈረመልህ። [ጣቱን ጆሮ ግንዱ ላይ ያዞራል።] እንዲህ አድርጌ፣ «ይፈርሙለትና ይገላገሉ፣ ልጁ ትንሽ ጎደል ይላል» ብዬው። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እሱ ፈረመ፣ እኔም በምስክርነት ፈረምኩልህ፤ ሰዓት እያየ ነበርና ቶሎ ይሂድ ብዬ።

ደረሰኝ፦ አነበቡት?

አንቀጽ፦ ምኑን? የአንተን ቁራጭ ወረቀት? ለመሆኑ ያን ቀን ምን ነክቶህ ነው? እውነቱን ንገረኝ፤ ሐዘን ነው ወይስ እንዲያው ነህ?

[ደረሰኝ ማኅደሩን ዘግቶ ገመዱን ያሥራል፤ መልሶ ይፈታዋል።]

ደረሰኝ፦ ወንድሜ ከመሞቱ ከስድስት ቀን በፊት ሥራ ቦታዬ መጥቶ ነበር። የቀበቶዬ መንጠቆ ላልቷል፣ ኩባንያውን ለውጡልኝ ብላቸው ጠብቅ አሉኝ አለ። እኔ ጋ መደርደሪያ ላይ ሃያ ሁለት አዲስ ቀበቶ ተሰቅሏል። ለአንድ ሳምንት አንዱን አውሰኝ አለኝ። ወረቀት ይዘሃል ወይ አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ወረቀት ካላመጣህ አልሰጥህም አልኩት።

አንቀጽ፦ ሃያ ሁለት ተሰቅሎ?

ደረሰኝ፦ አሁንም ሃያ ሁለት ናቸው። በየወሩ መጨረሻ እቆጥራቸዋለሁ።

[ኮሪደሩ ጫፍ ላይ አንድ ሰው ሲያስል ይሰማል።]

አንቀጽ፦ [ቀስ ብሎ] ይኼን ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ብታደርገው ጥሩ ነበር።

ደረሰኝ፦ ለወንድሜ ቀበቶ ያለ ወረቀት አልሰጥም ያልኩ ሰው ነኝ። የሞተበትን ቀበቶ ለእነሱ ያለ ወረቀት ልስጥ? ሌላ ምንም አልነካኝም።

አንቀጽ፦ እሺ፣ ይሁን። ያለፈ ነገር ነው። [ንግግሩን ይገልጣል።] «...አንድ እርምጃ የማይራመድ...»

ደረሰኝ፦ ሌላም ወረቀት ነበር ጋሼ። የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊው ለእርስዎ ያስፈረመዎት። ገንዘብ ካለበት ፖስታ ጋር።

አንቀጽ፦ እሱ የወጪ መሸፈኛ ነው። ለወዲህ ወዲያ ማለቴ። የወሰድኩትን ወሰድኩ ብዬ ፈረምኩ፤ አበቃ።

ደረሰኝ፦ እሱንስ አነበቡት?

አንቀጽ፦ ሦስት ዓመት ጠበቃ ቢሮ የሠራ ሰው ወረቀት አያነብም፤ አይቶ ያውቃል።

ደረሰኝ፦ [ከማኅደሩ አንድ ገጽ አውጥቶ በጣቱ እየተከተለ ያነባል።] «የሟች ቤተሰብ ሙሉ ክፍያ የተቀበለ ስለሆነ ከእንግዲህ ወዲያ በኩባንያው ላይ ማናቸውንም ዓይነት የካሣ ጥያቄ የማያቀርብ መሆኑን ስለ ቤተሰቡ ሆኜ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።» ከታች ፊርማ አለ። ጅራቱ ረጅም ነው፤ የእርስዎ ይመስለኛል።

[አንቀጽ ወረቀቱን ነጥቆ ያያል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ቁጭ ካለበት ትንሽ ወደታች ይንሸራተታል።]

አንቀጽ፦ ይኼ ከየት መጣ?

ደረሰኝ፦ ኩባንያው ነው ባለፈው ሳምንት ለፍርድ ቤቱ ያቀረበው።

አንቀጽ፦ እህቴ አይታዋለች?

ደረሰኝ፦ ጠበቃዋ አሳይታታለች። ምንም አላለችም። ብርጭቆ እያጠበች ነበር፣ ማጠቧን ቀጠለች።

አንቀጽ፦ እኔ እኮ... ሰውዬው እንደዚያ አክብሮ ሲጨብጠኝ... ታዲያ ተበላን ማለት ነው? በእኔ እጅ?

ደረሰኝ፦ እኔም ጠበቃዋን እንደዚያው ብዬ ነው የጠየቅኋት። እንቅልፍ አጥቼ ነው የሄድኩት። አይታው ሳቀች። ይህ የፈረመው ሰው ለሟች ምኑ ነው አለችኝ። ልጁ ነው? አይደለም አልኳት። አባቱ? አይደለም። ሚስቱ ወክላዋለች? ወረቀት የሚባል የለም አልኳት፤ ወረቀት ቢኖር እኔ ጋ ነበር። እንግዲያው የለቀቀው የራሱን መብት ነው፤ የራሱ መብት ደግሞ ከመጀመሪያውም የለውም አለች።

አንቀጽ፦ [ቀና ይላል። ኮቱን ያስተካክላል።] እኔም እኮ አውቄ ነው። መብት እንደሌለኝ ስለማውቅ ነው የፈረምኩላቸው። ልሸውዳቸው። የሕግ ወጥመድ ይባላል፣ አንቀጽ መቶ...

ደረሰኝ፦ ልጻፈው?

አንቀጽ፦ አትጻፍ።

ደረሰኝ፦ አንድ ነገር ብቻ አደራ ብላኛለች። እርስዎ እዚያ ገብተው የቤተሰቡ ራስ ነኝ፣ ሟች ያስተዳድረኝ ነበር፣ ያለ እኔ ምክር አይራመድም ካሉ፣ ያቺ ወረቀት ነፍስ ትዘራለች። የእነሱ ጠበቃ የሚጠብቀው ያንን ነው። አሁን በእጅዎ የያዙትን አራት ገጽ።

[አንቀጽ ንግግሩን ያያል። ቀስ ብሎ ያጥፈዋል፣ አሁንም ያጥፈዋል፣ የክብሪት ቀፎ እስኪያክል ድረስ።]

አንቀጽ፦ ታዲያ እኔን በምስክርነት ያስጠራችኝ ምን ልናገር ብላ ነው?

ደረሰኝ፦ ሁለት ጥያቄ ነው ያላት። የመጀመሪያው ይህ ነው። [ሌላ ትንሽ ቢጫ ወረቀት ያወጣል።] «በዛሬው ቀን ከሟች ቤት ወጪ የሆነ። አንድ የደኅንነት ቀበቶ፣ የኩባንያው ማህተም ያለበት። መንጠቆው የተሰበረ። መቆለፊያው እንደተቆለፈ ያለ። ከሟች ወገብ ላይ ለማውጣት በሆስፒታል በመቀስ የተቆረጠ። ከላይ የተጻፈው ትክክል መሆኑን አይቼ ተረክቤያለሁ።» የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊው ፊርማ። ቀጥሎ የምስክር ፊርማ፤ ጅራቱ ረጅም።

አንቀጽ፦ [ወረቀቱ ላይ ጎንበስ ብሎ] በመቀስ የተቆረጠ።

ደረሰኝ፦ ያልታሠረ ቀበቶ በመቀስ አይቆረጥም ጋሼ። ቀበቶውን ዛሬ አምጡ ቢባሉ ጠፋ ነው የሚሉት። ይኼ ግን እኔ ጋ ነው፤ የፈረመውም የእነሱ ሰው ነው። እርስዎ የሚጠየቁት፣ ሲፈርም አይተዋል ወይ ተብለው ነው።

አንቀጽ፦ አይቻለሁ። እየሳቀ ነበር የፈረመው። ሁለተኛውስ ጥያቄ?

ደረሰኝ፦ ለሟች ምኑ ነዎት የሚል ነው።

አንቀጽ፦ እና ምን ልበል?

ደረሰኝ፦ ምንም።

አንቀጽ፦ ዝም ልበል?

ደረሰኝ፦ አይደለም። «ምኑም አይደለሁም» ይበሉ። ጮክ ብለው፣ ጸሐፊዋ እንድትመዘግበው። ከፈለጉ እንለማመደው። እኔ ዳኛ ነኝ። «ለሟች ምኑ ነዎት?»

አንቀጽ፦ የሚስቱ...

ደረሰኝ፦ አጠር ያለ።

አንቀጽ፦ [በዝግታ] ምኑም አይደለሁም።

ደረሰኝ፦ ጎበዝ። እዚያ ላይ ትንፋሽ መውሰድም ይቻላል።

[በሩ ይከፈታል። ችሎት አስከባሪው አንገቱን ብቅ አድርጎ ሁለቱም ምስክሮች እንዲዘጋጁ፣ መጀመሪያ የሚገባው ኮት የለበሰው እንደሆነ ይነግራቸዋል። በሩ ይዘጋል። ሁለቱም ይነሳሉ።]

ደረሰኝ፦ አንድ የቀረ ነገር አለ። ፖስታው ውስጥ የነበረው ገንዘብ ለኩባንያው መመለስ አለበት። ጠበቃዋ ከእነሱ አንዲት ሳንቲም በእኛ እጅ እንዳትገኝ ብላለች። እርስዎ እንደሌለዎት ስለማውቅ ዛሬ ጠዋት እኔ ከቁጠባዬ አውጥቼ አስገብቻለሁ። በአራተኛው ቀን ፖስታ ተቀበሉ፣ በአምስተኛው ቀን ኮት ገዙ። ስለዚህ ኮቱ፣ ገንዘቡን እስኪመልሱልኝ፣ መያዣ ነው።

አንቀጽ፦ አሁን? እዚህ?

ደረሰኝ፦ እዚያ ውስጥ ኩባንያው በገዛው ኮት ቆመው ለኛ ከሚመሰክሩ ይሻላል።

አንቀጽ፦ አላወልቅም ብዬህ ነበር እኮ።

ደረሰኝ፦ ብለውኛል። [እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል።]

[አንቀጽ ግራ ቀኝ አይቶ ኮቱን ያወልቃል። ከውስጥ ያለው ሸሚዝ አንገትጌውና ደረቱ ነጭ ነው፤ ጀርባው ግን በአበባማ የመጋረጃ ጨርቅ ተጥፏል። አንደኛው እጅጌ ከክርኑ በታች የለም። ጀርባውን ለግድግዳው ይሰጣል።]

አንቀጽ፦ ዳኛው እንዲህ ሆኜ ሲያየኝ ምን ይላል?

ደረሰኝ፦ ከወንበሩ ቁልቁል ሲያይ መጀመሪያ የሚያየው ጫማ ነው ብለውኝ የለም? የእርስዎ ደግሞ አቧራ አለው። [ኮቱን ክንዱ ላይ አጥፎ ጥራዙን ያወጣል፤ እየተናገረ ይጽፋል።] አሁን የሚታዘንልዎት እርስዎ ነዎት። ሥራ ተለዋውጠናል። «አንድ ኮት፣ ጥቁር። ቁልፉ የተሟላ። ላቡ ያልደረቀ።»

[በሩ ይከፈታል። ችሎት አስከባሪው በእጁ ይጠራል። አንቀጽ ብዕሩን ከደረሰኝ እጅ ይነጥቃል።]

አንቀጽ፦ አምጣው፣ እየጠሩኝ ነው። የቱ ጋ ነው የምፈርመው?

ደረሰኝ፦ [ወረቀቱን ወደ ራሱ ስቦ] መጀመሪያ ያንብቡት ጋሼ። እንጠብቅዎታለን።